60 ሺህ ብር ተቀብለን እንፈርም ወይስ እንክሰስ? የወንድሜ የመኪና አደጋ

የአያት_ልጅ · ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ናችሁ። ትንሽ ስለማረዝም ይቅርታ።

ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ሴራሚክ ያነጥፋል። ከአምስት ሳምንት በፊት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በእግሩ ወደ ሥራ ሲሄድ አይሱዙ ገጨው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ብረት ገብቶለት አሁን ቤት ተኝቷል። ብረቱ ከአንድ ዓመት ምናምን በኋላ በሌላ ኦፕራሲዮን ይወጣል ተብለናል። ጉልበቱ እንደ ድሮው ይታጠፍ እንደሆነ ግን ሐኪሙ አፉን ሞልቶ አልነገረንም። ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ነው የሚውለው።

ትናንት ሽማግሌዎች መጡ። አራት ናቸው፣ አንዱ የሰፈራችን ሰው ነው። የመኪናው ባለቤት 60,000 ብር በፖስታ አስይዞ ልኳቸዋል። እናቴ እያለቀሰች ቡና አፈላችላቸው። የሚፈረም ወረቀትም ይዘዋል። አጭር ናት። የመጨረሻዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ «ለደረሰብኝ ጉዳት ሙሉ ካሳ የተቀበልኩ ስለሆነ ከእንግዲህ በባለንብረቱም ሆነ በሹፌሩ ላይ በየትኛውም ፍርድ ቤት ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም።»

እስካሁን ለሕክምና የወጣው 87,000 ብር አካባቢ ነው። ግማሹ ብድር ነው። እናቴ «ልጄ ተርፎልኛል፣ ተቀብለን ይብቃን» ትላለች። እኔ እጄ አልሄድልህ አለኝ። ለቅዳሜ ቀጠርኳቸው።

ኢንሹራንስ አለ ይሉኛል፣ ክስ አለ ይሉኛል፣ የሞራል ካሳ አለ ይሉኛል። ስንት ዓይነት ካሳ ነው ያለው? አንዱን ስንወስድ ሌላው ይቀራል?

---

እናት_ዓለም · ሰኞ፣ ማታ 2፡55

እግዚአብሔር ይማርልህ የኔ ልጅ። እናትህን አትቆጣት። እሷ የምታየው ልጇ መትረፉን ነው።

---

ኮድ_3 · ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ምሕረቱን ያምጣለት። እኔ ሹፌር ነኝ፣ አንድ ነገር ልበል። 60 ሺህ ይዞ ሽማግሌ የላከ ባለንብረት ጨዋ ነው። ስንቱ ስልኩን አጥፍቶ ይጠፋል። ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ሁለት ሦስት ዓመት ስትመላለሱ የምታወጡት ከምታገኙት ይበልጣል። ተቀበሉና እግሩን አሳክሙ።

---

ባለካባው · ሰኞ፣ ማታ 4፡20

ወንድሜ፣ ጥብቅና ነው እንጀራዬ። ከያዝኳቸው ፋይሎች ብዙው እንዲህ ዓይነት ነው። የወንድምህን ፋይል ሳላይ «ይህን ያህል ታገኛለህ» አልልህም። አካሄዱን ግን ልንገርህ።

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሳ። ሕጉ አንዱን ካሳ ስትወስድ ሌላው ይቀራል አይልም። የሚያስቀርብህ ያቺ የወረቀቷ የመጨረሻ መስመር ናት። እርቅ በእኛ ሕግ ዝም ብሎ ወረቀት አይደለም። በተስማሙት ሰዎች መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚቆጠረው። ነገ ፍርድ ቤት ቀርበህ «ጨንቆን ነው የፈረምነው» ብትል መመለሻው ከባድ ነው።

አሁን ወደ ካሳው። መሠረቱ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፣ «ከውል ውጭ የሚደርስ ኃላፊነት» የሚባለው ክፍል። ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤትን መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠይቀዋል። ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ሹፌሩ ያለ ፈቃድ ነድቶት ቢሆን እንኳ ማምለጫ አይሆነውም። መኪናው ያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ፣ ወይም ጥፋቱ የራሱ የተጎጂው ከሆነ ነው የሚያመልጠው። ስለዚህ የሹፌሩ ኪስ ባዶ ነው ብለህ አትጨነቅ።

ቁጥር 2091 ደግሞ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። ጉዳት ሲባል መጀመሪያ የወጣው ወጪ ነው። ሐኪም ቤት፣ መድኃኒት፣ ራጅ፣ ክራንች፣ ለክትትል ስትመላለሱ የከፈላችሁት ታክሲ፣ ለአስታማሚ የከፈላችሁት። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሸነፈው በደረሰኝ ነው። ደረሰኝ የሌለውን ወጪ ዳኛው ሊያምንህ ቢፈልግም የሚይዘው ነገር የለውም። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ክላሰር ግዛና ሁሉንም በቀን በቀኑ ክተት። የካሽ ሬጂስተር ወረቀት ቀለሙ ይጠፋል፣ ፎቶ ኮፒ አድርገው።

የብረቱ መውጫ ኦፕራሲዮንም ካሳ ውስጥ ይገባል። ገና ስላልወጣ አይታሰብም የሚልህን አትስማ። ቁጥር 2092 ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሳል ይላል። አንተ የምትፈልገው ከሐኪሙ አንድ ደብዳቤ ነው፤ ብረቱ መውጣት እንዳለበትና ግምቱ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ።

ከዚያ የቀረበት ገቢ አለ። አልጋ ላይ የተኛባቸው ወራት አንድ ነገር ናቸው። ትልቁ ብር ያለው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሕክምናው ሲያበቃ የሕክምና ቦርድ ቀርቦ ቋሚ ጉዳቱ በመቶኛ ይገለጻል። 30 በመቶ ተባለ እንበል። በወር 15,000 ብር ያገኝ ከነበረ በዓመት 180,000 ነው። 30 በመቶው 54,000 ይሆናል። ከ24 እስከ 60 ዓመት 36 ዓመት አለ። ብታባዛው 1,944,000 ብር ይመጣል። ቆይ፣ አትደሰት። ፍርድ ቤት ይህን እንዳለ አይሰጥም። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስለሚከፈል፣ ሥራም ሁሌ አይገኝምና፣ በቁጥር 2102 መሠረት በርትዕ፣ ማለትም ተገቢ ነው ብሎ ባመነው መጠን፣ ይቀንሰዋል። ምን ያህል እንደሚቀንስ ከችሎት ችሎት ይለያያል፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ያበሳጨኛል። ግን ግማሹን ቢያወርደው እንኳ ከ60 ሺህ ጋር አወዳድረው።

የሞራሉን ነገ። ደክሞኛል፣ ደግሞም ስለሱ ስጽፍ ደሜ ይፈላል።

---

የአያት_ልጅ · ሰኞ፣ ማታ 4፡45

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን ለእናቴ አነበብኩላት። «ሁለት ሚሊዮን» የሚለውን ስትሰማ አማተበች።

አንድ ችግር አለ። ወንድሜ ደመወዝተኛ አይደለም። በካሬ ነው የሚከፈለው። ጥሩ ወር 20 ሺህም ያገኛል፣ ክረምት ላይ 8 ሺህም አይሞላ። ግብር የከፈለበት ወረቀት የለውም። ገቢውን በምን ያስረዳል?

---

ምናለ_በል · ሰኞ፣ ማታ 5፡02

ክትትል። እኔም ተመሳሳይ ጉዳይ አለብኝ።

---

ባለካባው · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ገቢ በደመወዝ ደብዳቤ ብቻ አይደለም የሚረጋገጠው። ያሠሩት ኮንትራክተሮች ቀርበው ይመሰክራሉ። ብር በባንክ ወይም በቴሌብር ይልኩለት ከነበረ የአንድ ዓመት ስቴትመንት ይውጣ። የሠራበትን የሚጽፍበት ነገር ካለው እሱም ማስረጃ ነው። ትክክለኛው ቁጥር ባይታወቅም ክሱ አይወድቅም፤ 2102 የተጻፈው ለዚህ ነው። ግን ዳኛው ከባዶ ሲገምት ወደ ታች ነው የሚገምተው። ስለዚህ የሚገምትበትን ስጡት።

አሁን የሞራል ካሳ። ሕጉ ስለ አካል ጉዳትና ስለ ሞት በቁጥር 2113 ፍርድ ቤት ለተጎጂው፣ ሞት ከሆነም ለቤተሰቡ፣ ለኅሊና ጉዳቱ ተገቢ ካሳ ሊሰጥ ይችላል ይላል። ጥሩ። ከዚያ ቁጥር 2116 ይመጣና ይህ ካሳ በምንም ምክንያት ከአንድ ሺህ ብር ሊበልጥ አይችልም ይላል።

አንድ ሺህ። ዜሮ አልጎደለብኝም።

---

ጋሽ_ፒያሳ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

በ1952 አንድ ሺህ ብር የሚከበር ገንዘብ ነበር ልጆች። እኔ ደርሼበታለሁ። ያን ጊዜ የጻፉት ሰዎች ቀልደው አልጻፉትም። የቀለዱት ስድሳ ዓመት ዝም ብለው ያስቀመጡት ናቸው። ዛሬ በአንድ ሺህ ብር ሁለት ሰው ቁርጥ በልቶ አይነሳም።

---

ቨርጂኒያ_ማለዳ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡05

ከዲሲ ማዶ ነው የምጽፈው፣ ታክሲ እሠራለሁ። ሌሊት ነው እዚህ።

እዚህ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ከኋላ ገጩኝ። ሆስፒታሉና የቀረብኝ ሥራ ተደምሮ አንድ ነገር ሆነ፤ ለሕመሙና ለስቃዩ የተጠየቀው ግን ከዚያ ይበልጥ ነበር። እንቅልፍ ማጣቴ፣ ልጄን መሸከም አለመቻሌ፣ ሁሉም ተጻፈ። ጠበቃው ከእኔ አንድ ብር አልተቀበለም፤ መጨረሻ ላይ ከመጣው ሲሶውን ወሰደ። ከቀረው ላይ ደግሞ ሆስፒታሉ የራሱን ቆረጠ። ስለዚህ «አሜሪካ ተገጭቶ ሀብታም ሆነ» የምትሉትን ተዉት።

ሌላ የማታውቁት ነገር ልንገራችሁ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ የራስህ ጥፋት ትንሽ እንኳ ካለበት ምንም አታገኝም። አንድ በመቶም ቢሆን። የማውቀው ሰው ከዜብራ ውጭ ሲሻገር ተገጭቶ ባዶ እጁን ቀርቷል። ለጭካኔ ወይም ለከባድ ግድየለሽነት መቅጫ ተብሎ የሚከፈል ካሳም አለ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ጣሪያው 350,000 ዶላር ነው። እሱ ግን ሰክሮ ለሚነዳ ዓይነት ሰው ነው፣ እንደኔ ላለው ተራ ግጭት አይሰጥም።

የአያት ልጅ፣ ወንድምህ በዜብራ ነበር የሚሻገረው?

---

የአያት_ልጅ · ማክሰኞ፣ ቀን 6፡20

አልነበረም። እውነቱን ልናገር። እዚያ አካባቢ ዜብራው ደብዝዟል፣ ሰው ሁሉ በሚሻገርበት ነው የተሻገረው። ሹፌሩም ፍጥነት ላይ ነበር፤ የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ሲያነሳ የጎማው ጭረት ረጅም እንደነበር አይቻለሁ።

---

ባለካባው · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡00

መናገርህ ጥሩ ነው። ይሄ በእኛ አገር ካሳውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ቁጥር 2098 ነው፤ ተጎጂው ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካለው ካሳው በከፊል ይሆናል። ዳኛው የትራፊኩን ፕላንና ሪፖርት አይቶ ያካፍላል። የፕላኑን ግልባጭ አሁኑኑ ያዝ። የመቀጫ ካሳ የሚባለው ግን እኛ ጋ የለም። እኛ ጋ ካሳ የጎደለውን ይሞላል፣ መቅጣት የወንጀሉ ክስ ሥራ ነው።

---

ሰኔ_30 · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡35

ይህን ክር ሳነብ የአባቴ ነገር መጣብኝ። ልጻፍ።

አባዬ በ2009 ሞተ። ከእርሻ ሲመለስ ነው ሲኖትራክ የገጨው። ስድስት ልጆች ነን። ያኔ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ በ2005 በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ነበር የሚሠራው። ለሞትም ለአካል ጉዳትም ከፍተኛው 40,000 ብር ነበር። አዋጁን አንዴ ራሴ አነበብኩት። ለንብረት ጉዳት ጣሪያው 100,000 ብር ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ሲኖትራኩ አባዬን ትቶ የሰው አጥር ቢያፈርስ ኖሮ ኢንሹራንሱ የበለጠ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

40 ሺውን ተቀበልን። ዘመድ ሁሉ «አለቀ» አለ። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ የመንደራችን ልጅ ሕግ ተምሮ መጣና «ማን አለቀ አላችሁ?» አለን። የኢንሹራንሱ ጣሪያ ኢንሹራንሱን ነው የሚመለከተው። ባለንብረቱ ለቀሪው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይጠየቃል። እናታችንና እኛ ልጆቹ ያጣነው ቀለብ ነው የሚታሰበው። ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች በራሳቸው ስም ይጠይቃሉ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከሰስን።

ፈረዱልን። ቁጥሩን አልጽፍም፣ ከ40 ሺው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ግን ፍርዱን ይዘን አፈጻጸም ስንከፍት ሲኖትራኩ በሌላ ሰው ስም ዞሯል። ባለንብረቱ ሌላ የሚታወቅ ንብረት የለውም። አራት ዓመት ሆነን። እስካሁን ያገኘነው ሲሶውን አይሞላም።

የአያት ልጅ፣ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ክስ የምትመሠርት ከሆነ በዚያው ቀን መኪናው እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ዕግድ ጠይቅ። ሊብሬው ላይ ዕግድ ካረፈ ባለንብረቱ ራሱ ይደውልልሃል። እኛ ይህን የነገረን አልነበረም።

---

እናት_ዓለም · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡50

ነፍስ ይማር የኔ እህት። አይዞሽ።

---

ባለካባው · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40

ሰኔ 30 የጻፈችውን ሁላችሁም ሁለት ጊዜ አንብቡት። ዕግዱ ላይ የምጨምረው የለም።

ሁለት ማስታወሻ ብቻ። ይርጋው፣ ማለት መክሰሻው ጊዜ፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው፣ ቁጥር 2143። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል፤ ግን በዚህ አትዝናኑ፣ በ2 ዓመቱ ውስጥ ክሰሱ። ሽማግሌ ሲመላለስ ቀኑ ይሄዳል።

የኢንሹራንሱ መጠን በ2005 አዋጅ የነበረው እህታችን የጻፈችው ነው። ለእናንተ አደጋ የሚሠራበትን መጠን ከራሱ ከኢንሹራንሱ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የድሮውን ቁጥር ይዞ የሚከራከራችሁ ሰው አይጠፋም። ክስ ስትመሠርቱ ኢንሹራንሱ በጣልቃ ገብነት ቢገባም ባይገባም፣ ባለንብረቱ ከኃላፊነቱ አይወጣም።

---

የሰው_ኃይል_ልጅ · ረቡዕ፣ ቀን 5፡30

አንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የሥራ ላይ ጉዳት ብሎ መሞከር አይቻልም ወይ ብዬ አሰብኩ። ሰውየው ወደ ሥራ እየሄደ ነበርና።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ የ2011ዱ ቁጥር 1156፣ ወደ ሥራ ሲሄዱ የሚደርስ አደጋ የሚታሰበው ድርጅቱ ባቀረበው ወይም በተከራየው ሰርቪስ ላይ ሲሆን ነው። በእግር ሲሄድ አይገባም። በካሬ ተዋውሎ የሚሠራ ሰውም ሠራተኛ ነው አይደለም የሚለው ራሱ ክርክር ነው። ስለዚህ ለወንድምህ የሚሆን አይመስለኝም።

ግን ለሌሎች አንባቢዎች ልጻፈው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ሕክምናው፣ ኦፕራሲዮኑ፣ ሰው ሠራሽ አካልም ካስፈለገ፣ በአሠሪው ነው። አሠሪው ጥፋት የለብኝም ቢል አይጠቅመውም። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ ለ6 ወራት 50 በመቶ ይከፈለዋል። የጡረታ ሽፋን የሌለው ሆኖ ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው መሥራት ካቃተው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ። በከፊል ከሆነ በመቶኛው ልክ። እኛ ጋ አንድ ልጅ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ እጁን ሲሰበር አለቃው «ሳምንት እረፍት ስጡት» ብሎ ሊያልፈው ነበር። አዋጁን አትሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ከዚያ ወዲህ አለቃዬ ብዙም አይወደኝም።

ሰክሮ ወይም ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ ግን አያገኝም።

---

ዱባይ_ነኝ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

እዚህ ኤምሬትስ ዋጋው ታውቆ የተቀመጠ ነው። በስህተት ሰው ለሞተበት ዲያ የሚሉት የደም ካሳ 200,000 ድርሃም። ለአካል ጉዳት አርሽ የሚሉት አለ፣ በየአካሉ ይሰላል። ጥሩነቱ ቁጥሩ ላይ ክርክር የለም። ክፋቱ፣ ቤተሰቡ አገር ቤት ከሆነ ወረቀቱን የሚያስጨርስለት ሰው የለውም። የውክልናና የወራሽነት ማስረጃ በኤምባሲ በኩል ለማረጋገጥ ስንት ወር እንደተመላለስን እኔ ነኝ የማውቀው።

---

ምናለ_በል · ረቡዕ፣ ማታ 1፡45

ገጭቶ ያመለጠ ከሆነስ? የአጎቴ እንደዚያ ነው። ታርጋም አልተያዘ። ሌላ ደግሞ፣ ጎረቤቴ ሰው በነጻ ሊፍት ሰጥቷት መኪናው ተገለበጠ። እሷስ ትጠይቃለች?

---

ባለካባው · ረቡዕ፣ ማታ 2፡10

ለአጎትህ፦ ላልታወቀ መኪናና ኢንሹራንስ ለሌለው መኪና ተብሎ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። አሁን ከመንገድ ደህንነት ጋር ተዋህዶ በአንድ መሥሪያ ቤት ነው ያለው። የፖሊስ ማስረጃና የሕክምና ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ።

ለጎረቤትህ፦ በነጻ የተሳፈረ ሰው ሲሆን ባለቤቱ የሚጠየቀው ጥፋት መኖሩ ሲረጋገጥ ነው። ትጠይቃለች፣ ማስረዳቱ ግን በእሷ ላይ ይወድቃል።

---

ኮድ_3 · ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

ሁሉም ሰው ባለንብረቱን ጭራቅ አደረገው። ሹፌሩም ልጆች አሉት። እርቅ ካልወረደ እስር ቤት ነው የሚበሰብሰው። ሽማግሌ በአገራችን ክቡር ነገር ነው፣ ፍርድ ቤት ከመምጣቱ በፊት ደምን ያደረቀው ሽማግሌ ነው። አሁን ሁሉም አንቀጽ ቆጣሪ ሆነ።

---

የአያት_ልጅ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡52

ወንድም፣ ሹፌሩን አልጠላሁትም። ሆስፒታል መጥቶ አልጋው ስር ቆሞ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ያቺ መስመር ናት ያስፈራችኝ።

---

ባለካባው · ረቡዕ፣ ማታ 4፡15

ኮድ 3፣ ስለ ሽማግሌ ያልከው ልክ ነው። እኔ እርቅ አታድርጉ አላልኩም። ይቅርታ አንድ ነገር ነው፣ ካሳ ሌላ ነገር ነው። የእርቁ ወረቀት ለሹፌሩ ለዋስትናም ለቅጣት ማቅለያም ይጠቅመዋል። ለዚህ ነው ሽማግሌ ቶሎ የሚላከው፣ ቦርድ ሳይወጣ፣ ጉልበቱ ይታጠፍ አይታጠፍ ሳይታወቅ። ማንም ዋጋውን ያላወቀውን ነገር አይሸጥም።

ስለዚህ ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው ይቅርታ ነው። «በሹፌሩ ላይ ቂም የለኝም፣ ይቅር ብያለሁ» ይበል፤ ለሹፌሩ የሚያስፈልገው ይሄ ነው። ሁለተኛው የገንዘብ መቀበያ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው፦ «ለሕክምና ወጪ የሚሆን 60,000 ብር በቅድሚያ ተቀብያለሁ። ይህ ገንዘብ ወደፊት በስምምነት ወይም በፍርድ ከሚወሰነው ካሳ ላይ ይታሰባል።» ከዚህ ውጭ አንድ ቃል አትጨምሩ። «ሙሉ» የሚለው ቃል የትም እንዳይገባ።

ባለንብረቱ እምቢ ካለ በወንጀሉ ክስ ውስጥም የካሳ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፣ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይፈቅዳል። እኔ ግን አልወደውም። ችሎቱ ስለ ጥፋተኝነቱ እንጂ ስለ 36 ዓመት ገቢ ለማስላት ጊዜ የለውም። ብዙ ጊዜ «በፍትሐ ብሔር ጠይቁ» ብለው ይመልሷችኋል። የዳኝነት ክፍያ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በድህነት ያለ ክፍያ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎችም አሉ፣ ክስ ይጽፉላችኋል።

---

ጋሽ_ፒያሳ · ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡05

ጠበቃው ለዚህ ሁሉ ምክር ስንት ያስከፍላል?

---

ባለካባው · ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡20

ጋሼ፣ አንድ ማኪያቶ ይበቃኛል።

---

የአያት_ልጅ · ቅዳሜ፣ ማታ 3፡15

የዛሬውን ልንገራችሁ።

መጡ። በዚህ ጊዜ ሦስት ናቸው። እናቴ ቡና አላፈላችም፤ ያፈላችው ታናሽ እህቴ ናት። ባለካባው የጻፉትን ሁለቱን ወረቀት አዘጋጅቼ ሰጠኋቸው። ትልቁ ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። የይቅርታውን ወረቀት ወደዱት። ወንድሜ አልጋው ላይ ሆኖ ፈረመ፤ ሹፌሩንም ይምጣ አለ። ሁለተኛውን ሲያነቡ ግን «በቅድሚያ» የሚለው ላይ ጣታቸውን አስቀምጠው ቆዩ። «ይሄን ሳልጠይቅ አልፈርምበትም» አሉ። ውጭ ወጥተው ደወሉ። በመስኮት ይታየኛል፣ ብዙ የሚያወራው ከወዲያ ያለው ሰው ነው። ተመልሰው ፖስታውን አነሱ። በሳምንቱ እንመለሳለን ብለው ሄዱ።

ሊመለሱም ላይመለሱም ይችላሉ። ሰኞ ለዕግዱ ማመልከቻ ልጠይቅ ነጻ የሕግ ድጋፍ ጋ እሄዳለሁ። የትራፊኩ ፕላን ግልባጭ እጄ ገብቷል። ከሐኪሙ ስለ ብረቱ ደብዳቤም ለሐሙስ ቀጥረውኛል። እናቴ እስካሁን አታናግረኝም።

ዋናው ዜና ይሄ ነው። ማታ ወንድሜ «ሰማያዊው ሱሪዬ የት አለ?» አለኝ። አደጋው ቀን የለበሰው አይደለም፣ የሥራው። ከአልጋው ስር ካለው ፌስታል ውስጥ አወጣሁት፤ እንደ እንጨት ደርቋል፣ ሙሉው ሲሚንቶ። ከኋላ ኪሱ ትንሽ ደብተር ወጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራበትን ቤት ሁሉ ጽፎባታል። ቦታው፣ ስንት ካሬ፣ ስንት ተቀበለ፣ ስንት ቀረው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

ቁጭ ብለን ወር በወር መደመር ጀመርን። እሱ ያነባል፣ እኔ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ሰሚት፣ 3ኛ ፎቅ፣ ሽንት ቤትና ኩሽና፣ 46 ካሬ ላይ ስንደርስ ቆም አለ።

«እዚህ ጋ 2 ሺህ ቀርቶኛል። እሱንም ጻፈው» አለኝ።